መሬት ቤት ሲያነሳ፦ ስለ ውርጭ፣ ስለ ጥቁር አፈርና ስለ ጅማ ቤቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ሚኒሶታ ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ነው። ዘመድ ብር ይልካል፣ አንዳንዴ ደግሞ ፕላን ይልካል። ባለፈው አንዱ ፕላን እኔ እጅ ገባ። «መሠረቱ 1.5 ሜትር ይውረድ፣ አለዚያ ውርጭ ያነሳዋል» ይላል። ፎርማኑ ሙድ ያዘበት። «ጅማ ላይ የምን ውርጭ?» አለና 60 ሳንቲ ሜትር አስቆፍሮ ሊገነባ ተነሳ። ቦታው ቂጦ አካባቢ ነው፤ አፈሩ ድፍን ጥቁር።

የሚኒሶታው ሰው ምክንያቱን ሳተ፣ ፎርማኑ ደግሞ መሬቱን ሳተ። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ መልሴን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ውርጭ ቤት ያነሳል ሲባል ምን ማለት ነው?

ቃል በቃል ማንሳት ነው። ብርዱ በሚጠነክርባቸው አገሮች የመሬቱ የላይኛው ክፍል ለወራት ይረጋል። ውስጡ ያለው እርጥበት በረዶ ይሆናል፣ መሬቱም ያብጣል። ሲያብጥ ላዩ ላይ ያለውን ይዞ ይነሳል፦ አስፋልቱን፣ አጥሩን፣ የበረንዳውን ደረጃ፣ ጥልቀት የሌለውን መሠረት። ሙቀት ሲመለስ በረዶው ይቀልጥና መሬቱ ይወርዳል።

ቤት ሙሉ በሙሉ 5 ሳንቲ ሜትር ተነስቶ ቢወርድ የሚያውቀው የለም። ጣጣው አንዱ ጥግ ሲነሳ ሌላው ባለበት መቅረቱ ነው። ግድግዳ የሚቀደደው ያኔ ነው።

ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ነው፣ አይደል?

ሁሉም እንደዚያ ይላል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው። እውነት ነው፣ ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ይሰፋል። ፍሪዘር ውስጥ ረስታችሁት የፈነዳ ጠርሙስ ካለ ይመሰክራል።

ግን ሂሳቡን እንሥራው። መሬቱ እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ረጋ እንበል። ከአፈሩ 40 በመቶው ውሃ ይሁን፤ ይህ ብዙ ውሃ ነው። የ40ው 9 በመቶ 3.6 ይሆናል። ስለዚህ መሬቱ ቢበዛ 3.6 ሳንቲ ሜትር ነበር መነሳት ያለበት። በተግባር ግን 10፣ 20 ሳንቲ ሜትር፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ ይነሳል። ትርፉ ከየት መጣ?

ይህን በሙከራ ያሳየው አሜሪካዊው የጂኦሎጂ ተመራማሪ ስቲቨን ቴበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ አፈር ወሰደና ውሃውን ትቶ ቤንዚን በሚባል ኬሚካል አራሰው። ከማደያው ቤንዚን ጋር እንዳታምታቱት፣ ስማቸው ነው የተመሳሰለው። ይህ ፈሳሽ ሲረጋ እንደ ውሃ አይሰፋም፣ ጭራሽ ይኮማተራል። መስፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ አፈሩ ንቅንቅ ማለት አልነበረበትም። አፈሩ ግን አሁንም አበጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የረጋው አፈርና ያልረጋው አፈር የሚገናኙበት መስመር አለ። እዚያ መስመር ላይ የተፈጠረው በረዶ ከታች ካለው እርጥብ አፈር ውሃ ይስባል። በበረዶውና በአፈሩ ቅንጣት መካከል ያልረጋ ቀጭን የውሃ ሽፋን ይቀራል፤ ውሃው ሽቅብ የሚሄደው በዚያ በኩል ነው። የመጣው ውሃ ይረጋል፣ ሌላ ይከተለዋል፣ እሱም ይረጋል። እንዲህ ያለውን መሬት ቆርጣችሁ ጎኑን ብታዩ እንደ መሶብ እንጀራ ነው፦ አንድ ንጣፍ ጥርት ያለ በረዶ፣ አንድ ንጣፍ አፈር፣ እንደገና በረዶ። መሬቱ የሚነሳው የእነዚህ ንጣፎች ውፍረት ሲደመር ነው። ከመጀመሪያውም እዚያ ያልነበረ ውሃ ነው ቤቱን የሚያነሳው።

ጉልበቱም ቀላል አይደለም። በረዶው ከዜሮ በታች በወረደ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በስሌት እስከ 11 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ሊገፋ ይችላል። በካሬ ሜትር ሲቆጠር 110 ቶን ገደማ ነው።

ታዲያ ብርድ ያለበት አገር መሬት ሁሉ ለምን አያብጥም?

ኩራዝ አስቡ። ክሩ ጋዙን ወደ ላይ የሚስበው ቀዳዳው ልክ ስለሆነ ነው። በጣም ሰፊ ከሆነ አይስብም፣ በጣም ጠባብ ከሆነ ደግሞ ጋዙ ቀስ ይልና እሳቱ ይጠፋል።

አሸዋና ጠጠር ሰፊ ናቸው፣ ውሃ ሽቅብ አይወጣባቸውም። ሸክላ አፈር ጠባብ ነው፤ ይስባል፣ ግን ይዘገያል። መካከለኛው፣ እንደ ዱቄት የላመው ደለል አፈር ግን ክር ማለት ነው። በዚህ ነገር ክፉው እሱ ነው። ከዚያ ውሃው ቅርብ መሆን አለበት፣ ብርዱም ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እብጠት የለም።

ድንጋይስ ለምን ከመሬት ይወጣል?

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ያሉ ገበሬዎች በየዓመቱ ማሳቸውን ከድንጋይ ያጸዳሉ፤ በዓመቱ ብርዱ ሲያልፍ አዲስ ድንጋይ ብቅ ብሎ ይጠብቃቸዋል። የድሮዎቹ የድንጋይ አጥሮቻቸው ከዚህ የመጡ ናቸው። ድንጋዩ አይበቅልም መቼም።

ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ ድንጋይ ከዙሪያው አፈር ይልቅ ሙቀት ቶሎ ያሳልፋል። ብርዱ በድንጋዩ በኩል ቶሎ ወደ ታች ይደርሳል፣ በረዶም ከድንጋዩ ሥር ይሠራና ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለተኛው፣ የድንጋዩን አናት የያዘው አፈር መጀመሪያ ረግቶ ሲነሳ ድንጋዩን ጨምድዶ ይዞት ይወጣል። በሁለቱም መንገድ ከሥሩ ክፍተት ይፈጠራል። በረዶው ሲቀልጥ ድንጋዩ ወደ ቦታው ሳይመለስ ከጎን ጭቃና ጠጠር ተንዶ ክፍተቱን ይሞላዋል። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ አንድ ቀን ማረሻ ያገኘዋል።

የአጥር ምሰሶም በዚሁ መንገድ ነው የሚነቀለው። የረጋው አፈር ጎኑን ይይዘዋል፣ ይስበዋል፣ ከታች ክፍተቱ ይሞላል። ለዚህ ነው እዚያ አገር ምሰሶ ሲተከል ታችኛው ጫፉ ሰፋ እንዲል፣ ጎኑ ደግሞ ለስላሳ እንዲሆን የሚደረገው። ከታች የሰፋ ነገር መንቀል ይከብዳል። ለስላሳ ጎን ደግሞ መያዣ የለውም።

ሚኒሶታ ላይ 1.5 ሜትር የሚቆፍሩት ለዚህ ነው?

አዎ። የግዛቲቱ የግንባታ ደንብ በደቡቡ ክፍል ወደ 1.07 ሜትር፣ በሰሜኑ ወደ 1.52 ሜትር ዝቅ እንዲባል ያዛል። ብርዱ ከሚደርስበት በታች ማለት ነው። የመሠረቱ እግር በማይረጋ አፈር ላይ ካረፈ ከላይ ያለው ቢያብጥም ከሥሩ አያነሳውም። ስካንዲኔቪያ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሳይቆፍሩ መሠረቱን ዙሪያውን በፎም አልብሰው የቤቱ ሙቀት ከሥር እንዲቆይ ያደርጋሉ። አልጋ ልብስ እንደማልበስ ነው።

አላስካ ላይ ያለው ነገር ከዚህ ይለያል። እዚያ መሬቱ በታች ዓመቱን ሙሉ የረጋ ስለሆነ ፍርሃቱ እንዳይቀልጥ ነው። 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የነዳጅ ቧንቧቸው ከግማሽ በላዩ በእግር ላይ ቆሞ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ጅማ ላይ ውርጭ መሠረት ያነሳል?

አያነሳም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አለፍ ባለ ከፍታ ላይ ናት። የታኅሣሥ ሌሊት ጋቢ ያስደርባል፣ መሬት ግን አያረጋም። በዝናብ ጊዜ የሚወርደው በረዶም ምንም አያደርግም፤ ቆርቆሮ ደብድቦ ይቀልጣል።

ኢትዮጵያ ውስጥስ የትም የለም?

አለ፣ ግን ቤት በሚሠራበት ቦታ አይደለም። ባሌ ሰነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትር አካባቢ፣ በበጋ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጧት ፀሐይ ሲወጣ ይቀልጣል። ሰሜን ተራሮች ላይም እንዲሁ። በማለዳ የወጣ ሰው እርጥብ አፈር ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ የበረዶ መርፌዎችን ያያል። ጣት የማያክሉ ናቸው፣ ግን አናታቸው ላይ ጠጠርና አፈር ተሸክመዋል። ፀሐይ ሲመታቸው ጠጠሩን ጥለውት ይጠፋሉ። ለአንድ ሌሊት ብቻ የቆየ ትንሹ የመሬት እብጠት ማለት ይህ ነው።

ሰነቴ ላይ ደግሞ ትልቁም አሻራ አለ። እስከ 1,000 ሜትር የሚረዝሙ፣ እስከ 15 ሜትር የሚሰፉ የተደረደሩ የድንጋይ መስመሮች ተጠንተዋል። ሰው የደረደራቸው ይመስላሉ። አጥኚዎቹ ግን በመጨረሻው የበረዶ ዘመን መሬቱ እየረጋና እየቀለጠ የለያቸው ናቸው ይላሉ። ዛሬ በዚያ ስፋት የሚሠራ ብርድ የለም።

ውርጭ ከሌለ የእኔ ቤት ለምን ይሰነጠቃል?

ወደ ጅማ መጣን። መልሱ ጥቁር አፈር ነው። ዋልካ በሉት፣ መረሬ በሉት፣ በኦሮምኛ ደግሞ ኮቲቻ ነው።

በረዶው የሚሠራውን ሥራ እዚህ አፈሩ ራሱ ይሠራል። ጥቁር አፈር ውስጥ ያለው የሸክላ ዓይነት እንደ መጽሐፍ በጣም ስስ ገጾች የተደራረበ ነው። ውሃ ሲያገኝ በገጾቹ መካከል ያስገባዋል፤ ገጾቹ ይራራቃሉ፣ አፈሩ ያብጣል። ሲደርቅ ውሃው ይወጣል፣ አፈሩ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያያችሁት ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን ይነገራል፤ ከሱዳንና ከቻድ ቀጥሎ በአፍሪካ ሦስተኛ።

አክስቴ ቂጦ አካባቢ ሰርቪስ ቤት አላት። ሐምሌ ሲገባ በሩ ወለሉን ይነክሳል። በእጀታው ከፍ አድርጋ፣ በጉልበቷ ገፍታ ነው የምትዘጋው። «እንጨት በዝናብ ያብጣል» እንዳትሉኝ፤ እውነት ነው ያብጣል፣ የእሷ በር ግን የብረት ነው። በጥር ደግሞ በሩ በአንድ ጣት ይዘጋል፣ በምትኩ በበረንዳውና በግድግዳው መካከል ስንጥቅ ይከፈታል። አንድ ቀን የአንድ ብር ሳንቲም አስገባሁበት። በጥር እስከ ጣቴ ድረስ ገባ። በነሐሴ ጫፉም አልገባ አለ። ያው ስንጥቅ፣ ያው ሳንቲም።

እዚህም ድንጋይ ከመሬት ይወጣል ማለት ነው?

ይወጣል። በበጋ ስንጥቁ ውስጥ የላይኛው አፈር ይረግፋል። ዝናብ ሲመጣ ከታች ያለው ያብጣል፣ ግን ስንጥቁ ስለተሞላ ወደ ጎን ቦታ የለውም። ያለው መንገድ ወደ ላይ ነው። በብዙ ዓመት መሬቱ ራሱን በራሱ እያገላበጠ ድንጋዩን ወደ ላይ ያወጣል። አፈሩ በሳይንስ ቨርቲሶል የሚባለውም «መገልበጥ» ከሚል የላቲን ቃል ነው። ጥቁር አፈር ያረሰ ገበሬ ላቲኑ አያስፈልገውም።

የእኔ ቦታ የትኛው አፈር እንደሆነ እንዴት ልወቅ?

ጅማ አንድ ዓይነት መሬት የላትም። ወደ ጅሬን ስትወጡ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ አፈሩ ቀይ ነው። ቀይ አፈር ውሃ ያሳልፋል፣ ብዙም አያብጥም። ወደ ሜዳው ስትወርዱ፣ አዌቱ ወንዝ ዳርና ረግረጉ አጠገብ፣ ጥቁርና ግራጫ ይሆናል። አንድ ሰፈር ውስጥም ሊቀላቀል ይችላል። አንዳንዴ ላዩ ቀይ ሆኖ አንድ ሜትር ስትወርዱ ጥቁር ይመጣል፤ ይሄ ነው ሰው የሚያሳስተው።

ቦታ የምትገዙ ከሆነ በጥር ወይም በየካቲት ሄዳችሁ እዩት። በነሐሴ ሁሉም ቦታ ለምለም ነው፣ ደላላውም ደስ ይለዋል። በጥር ግን መሬቱ አፉን ይከፍታል። የጎረቤት አጥር ዘሟል? የመብራት እንጨት ጋደል ብሏል? የበረንዳ ደረጃ ከቤቱ ተለያይቷል? መሬት ውሸት አያውቅበትም።

ቤት ውስጥ የምትሠሩት ሙከራም አለ። ከአንድ ሜትር በታች የወጣ አፈር አድርቁ፣ ውቀጡ፣ በሻይ ማጥለያ ንፉት። የሕፃን ጡጦ ውስጥ 30 ሚሊ ሊትር ድረስ ጨምሩ፤ መስመሩ አለበት። ውሃ ሞልታችሁ በጥብጡትና ለ24 ሰዓት ተዉት። በማግሥቱ የዘቀጠው አፈር ከ45 መስመር በታች ከሆነ ትንፋሽ ውሰዱ። 60 ከደረሰ እጥፍ ሆኗል፣ ይሄ ችግር ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ይህንኑ በ10 ሚሊ ሊትር አፈርና በ100 ሚሊ ሊትር ሲሊንደር ይሠሩታል። የጡጦው ሙከራ ለመጠርጠር ይበቃል፣ መሠረት ለመንደፍ አይበቃም። ለዚያ አፈሩን ባለሙያ ይመርምረው። ከቤቱ ወጪ ጋር ሲነጻጸር የቡና ዋጋ ነው። (ጡጦውን ደግሞ ለሕፃኑ አትመልሱት።)

ቤቱን ከባድ አድርጌ ብሠራው አይጫነውም?

ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ፌሮ ይጨምራል፣ ግንቡን ያወፍራል። የዚህ አፈር ግፊት ከ10 ቶን በካሬ ሜትር ማለፉ ብርቅ አይደለም። ፎቅ የሌለው ተራ ቤት በመሠረቱ በኩል የሚጫነው የዚያን ግማሽ እንኳ ላያክል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሰቃዩት ቀላሎቹ ናቸው፦ ሰርቪስ ቤት፣ የግቢ አጥር፣ ሊሾ ወለል፣ በረንዳ። ባለ ብዙ ፎቁ ጎረቤታችሁ ስላልተሰነጠቀ አትቅኑ፤ ክብደቱም ጥልቀቱም ይለያል።

ወለል መሃል ላይ ሆድ አወጣ የሚሉኝም አሉ። ይህ ደግሞ ሌላ ነው። ቤት ሲሠራበት መሬቱ ይሸፈናል፣ እርጥበቱ መትነን ያቆማል። ስለዚህ ከቤቱ መሃል ሥር ቀስ በቀስ ውሃ ይጠራቀማል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ወለሉ መሃሉ ላይ ጉብ ይላል። ሠራተኛው ሊሾውን ስላበላሸ ላይሆን ይችላል፣ ከመሳደባችሁ በፊት ውሃ ልክ አምጡና ለኩት።

ጥቁሩን አውጥቼ ገረጋንቲ ብሞላበትስ?

ጥሩ መፍትሔ ነው። መጥፎም ነው። እዚህ ላይ ነው የሚኒሶታው ዕውቀት ወገብ የሚሰብረው።

ውርጭ ባለበት አገር ደለሉን አውጥተው ጠጠር ሲሞሉ ክሩን ቆረጡት ማለት ነው። ጠጠር ውሃ አይስብም፣ ነገሩ አለቀ። ጥቁር አፈር ውስጥ ግን ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ የሚያሳልፍ ነገር ብትሞሉበትና መውጫ ባታበጁለት ገንዳ ሠራችሁ። የክረምት ውሃ በጠጠሩ ይወርዳል፣ ታች ያለው ጥቁር አፈር አያሳልፈውም፣ እዚያው ተኝቶ አፈሩን ሲያጠጣ ይከርማል። ባትቆፍሩት ይሻላችሁ ነበር።

ስለዚህ ጥቁሩ ስስ ከሆነ፣ አንድ ሜትር ወይም ትንሽ ቢበልጥ፣ ሙሉ በሙሉ አውጡትና መሠረቱን ከሥሩ ባለው ጥሩ መሬት ላይ አሳርፉ። ወፍራም ከሆነ የምትሞሉት ሰሌክት (ተመርጦ የሚመጣ የሙሌት አፈር) ውሃ በቀላሉ የማያሳልፍና የማያብጥ ይሁን። በስሱ በስሱ እየተነጠፈ በደንብ ይጠቅጠቅ፣ ዙሪያውን ደግሞ ውሃው ወጥቶ የሚሄድበት ቦይ ይኑረው። ቀይ አፈር ለዚህ ይሆናል፣ ከተመረመረ። የሚኒሶታው 1.5 ሜትር ጅማ ላይ የሚሠራው በሌላ ምክንያት ነው፤ እርጥበቱ በበጋና በክረምት ብዙ የማይለዋወጥበት ጥልቀት ላይ ለመድረስ። እሱም አንዳንዴ አይበቃም፣ ጥልቁን የሚወስነው የአፈር ምርመራው ነው።

ኖራስ?

ይሠራል። እንደ አፈሩ ዓይነት ጥቂት በመቶ ኖራ ሲቀላቀልበት ሸክላው ውሃ የመጠጣት ፍቅሩን ይቀንሳል። ግን በደንብ መቀላቀል አለበት። ላዩ ላይ በትኖ ማለፍ ለግቢው ውበት ካልሆነ ለሌላ አይጠቅምም። መንገድ ላይ የበለጠ ያዋጣል።

ቤቱ አንዴ ተሠርቷል። አሁን ምን ላድርግ?

አሸንዳ ግዙ።

እየቀለድኩ አይደለም። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይዘንባል። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ካላችሁ፣ በዓመት 90 ሜትር ኩብ ውሃ ትሰበስባላችሁ። በ200 ሊትሩ በርሜል 450 በርሜል ነው። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ የሚወርደው ከመሠረቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። 450 በርሜል ውሃ ግድግዳችሁ ሥር ብታፈሱ ጎረቤት አብደዋል ይላችኋል፤ ጣሪያው ሲያፈሰው ግን ማንም ምንም አይልም።

አሸንዳው ውሃውን ጥግ ላይ ጥሎ እንዳይቀር ቱቦው እስከ ቦዩ ይድረስ። ከግድግዳው ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲሚንቶ ወይም ኮብልስቶን ወደ ውጭ እያዘቀዘቀ ይነጠፍ፣ መገናኛው ይደፈን። የሻወርና የልብስ ማጠቢያ ውሃ የት እንደሚሄድ እዩ። ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከቤቱ ይራቅ። የሚያንጠባጥብ የውሃ ቧንቧ ካለ ዛሬውኑ ይጠገን፤ በበጋ አንድ ጥግ ብቻ የሚያጠጣ ቧንቧ ከክረምት ዝናብ ይብሳል። ግድግዳው ሥር ሙዝ ተክሎ በየማታው ውሃ ማጠጣትም እንዲሁ። አክስቴ ይሄን አትሰማኝም።

ግቢዬ ውስጥ ትልቅ ባሕር ዛፍ አለ። ልቁረጠው?

ጥያቄው ከባድ ነው። ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ አፈሩን ያደርቃል፣ በሱ በኩል ያለው መሠረት ይወርዳል። ስለዚህ አዲስ ቤት ስትሠሩ ዛፉ ሲያድግ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ራቁ። ቀድሞ ያለ ትልቅ ዛፍ ሲቆረጥ ግን ተቃራኒው ይመጣል። ለዓመታት የደረቀው አፈር እንደገና ይጠጣል፣ ይነሳል። እብጠቱ ከቆረጣው በኋላ ዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ቦታው ላይ ዛፍ ካለ ከግንባታው ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ቀድሞ ቁረጡት፣ መሬቱ ይረፍ። ቤቱ ቆሞ ከሆነ ደግሞ በአንድ ቀን ከመገንደስ ቅርንጫፉን በየዓመቱ መመልመል ይሻላል።

የአያቴ ጭቃ ቤት ለምን አልተሰነጠቀም?

ተሰንጥቋል፣ በየዓመቱ። እሳቸው ግን በመስከረም ጭቃና ጭድ አቡክተው ይለስኑት ነበር። የእንጨት ቋሚና ማገር ይታጠፋል፣ ይዘማል፣ አይሰበርም። ብሎኬት አይታጠፍም። ብሎኬት የሚያውቀው መቆም ወይም መቀደድ ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ጅሬን ኮረብታ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። ለጥበቃና ለዕይታ መርጠውት ሊሆን ይችላል፤ ለመሠረትም ግን መጥፎ ምርጫ አልነበረም።

መቼ ልቆፍር?

ሁሉም በበጋ ይቆፍራል፣ ልክ ነው፣ ጭቃ የለም። ግን በኅዳር የተቆፈረ ጉድጓድ ሲሚንቶ እስኪመጣ እስከ ጥር ክፍት ይቆያል። ያኔ ከሥሩ ያለው አፈር ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። እሱ ላይ ኮንክሪት ይፈሳል። ክረምት ሲገባ ያ የደረቀ አፈር የበለጠ ያብጣል። ስለዚህ ገንዘቡና ዕቃው ሳይሟላ አትቆፍሩ። ከቆፈራችሁ ቶሎ ሙሉት፤ ካልቻላችሁ መጨረሻውን 20 ሳንቲ ሜትር ሳትቆፍሩ ተዉትና ኮንክሪቱ በሚፈስበት ቀን ጠዋት አስወጡት።

ስንጥቁን መቼ ልድፈነው?

በሐምሌ አትድፈኑት፣ ዝግ ነው፤ በጥር ይከፈትባችኋል። በጥር ጥርት አድርጋችሁ በሲሚንቶ ብትደፍኑት ደግሞ በሐምሌ የሚዘጋበት ቦታ ያጣና አጠገቡ ሌላ ስንጥቅ ይከፍታል። መጀመሪያ ውሃውን አስተካክሉ። ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ ለኩት፦ በእርሳስ ቀን እየጻፋችሁ፣ ሳንቲም እያስገባችሁ። ልዩነቱ እየቀነሰ ከመጣ ደፍኑት፣ የሚለጠጥ ማጣበቂያ ካገኛችሁ በሱ።

የበሩንም ነገር እንዲሁ። አክስቴ አምና በነሐሴ ብየዳ ጠርታ የበሩን ሥር አስቆረጠች። ሐምሌ ላይ አሁን ያለ ችግር ይዘጋል። በጥር ደግሞ የጎረቤት ድመት በሥሩ ትገባለች።